የተነካካ ሞተር ብስክሌት፡ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ነው ወይስ ለሻጩ ወጪ?

አሮጌ የስፖርት ሞተር ብስክሌት በእንግሊዝና በአሜሪካ ገበያ ከመጓጓዣነት አልፎ የሀብት ማስቀመጫ ከሆነ ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ ከተማ በተካሄደው የቦናምስ ጨረታ በ1951 የተሠራ አንድ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ 929,000 ዶላር አውጥቷል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ውስጥ ደግሞ ከመደበኛው ምርት አስቀድሞ ለናሙና የተሠራ አንድ ሆንዳ ሲቢ750 በ161,000 ፓውንድ ተሸጧል። እንዲህ ያለው ወሬ በገበያ ሲናፈስ፣ ጋራዡ ውስጥ አቧራ የጠገበ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያለው ሁሉ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል።

ይሁንና በየዕለቱ ለሽያጭ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች እነዚህን አይመስሉም። የነዳጅ ጋኑ ተለውጧል፣ መቀመጫው አጥሯል፣ አራቱ ማርሚታዎች ወልቀው በአንድ ተተክተዋል፣ ሲሊንደሩ ሰፍቷል፣ ሻንሲውም ከኋላ ተቆርጧል። ሻጩ የደረሰኝ ክምር ይዞ ብቅ ይልና «ይህን ሁሉ አውጥቼበታለሁ» ይላል። ገዢውም ዕቃው ዐይኑን ስለሳበው ይማልላል። ይግዛ ወይስ ይለፈው? ቢገዛስ በስንት?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲያገበያይ የኖረ ደላላ ይህን ክርክር በሚገባ ያውቀዋል። «ሞተሩ ተቀይሯል፣ ቀለሙም ገና አሁን ነው የተቀባው» ሲባል አንዱ ገዢ ዋጋ ይጨምራል፣ ሌላው «ለምን ተቀየረ?» ብሎ ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ገበያ በአብዛኛው ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። የተነካካ ሞተር ብስክሌት ዋጋ ሊለካ የሚገባው ሻጩ ባፈሰሰው ገንዘብ ሳይሆን፣ ዕቃውን ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ በሚጠይቀው ወጪና ስለ ዕቃው ባለው ማስረጃ ጥንካሬ ነው።

ለምን ሲቢ750?

ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ የታወቀ ዕቃ ይዞ መመርመር ይሻላል። ሆንዳ ሲቢ750 ለዚህ የተመቸ ነው። በ1968 መገባደጃ በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ታይቶ በ1969 ለገበያ ቀረበ። 736 ሲሲ የሆነ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ የፊት ዲስክ ፍሬን እና በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ነበረው። በአሜሪካ የተሸጠበት ዋጋ 1,495 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ፣ ያውም በዚህ ዋጋ ማቅረብ ተፎካካሪ ፋብሪካዎችን ያስደነገጠ ጉዳይ ነበር። በ1970 አሜሪካዊው ዲክ ማን ለውድድር በተዘጋጀ የዚሁ ሞዴል ሞተር ብስክሌት የዴይቶናን የ200 ማይል እሽቅድምድም ሲያሸንፍ ዝናው ይበልጥ ገነነ።

የሚገርመው ግን ሆንዳ ራሱ ገበያውን ተማምኖ አልገባበትም። በመጀመሪያ የታቀደው በዓመት 1,500 ያህል ለመሥራት ነበር። ትዕዛዙ ሲጎርፍ ያ ቁጥር የወር ምርት ሆነ። ኩባንያው ለውድ የቅርጽ ማውጫ መሣሪያ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት የሞተሩን የውጭ አካል በርካሽ ቅርጽ እያወጣ የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተር ብስክሌቶች በገበያው «ሳንድካስት» ይባላሉ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከመደበኛው ምርት ሁሉ አስበልጠው የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው። የአንድ ነጋዴ ጥንቃቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ብርቅዬ ዕቃ ወለደ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የዚሁ ሞተር ዘር በመቶ ሺዎች ተመርቷል። ብዛቱና የዋጋው መውረድ ደግሞ ለመነካካት አጋለጠው። በአንድ ወቅት አሮጌ ሲቢ750 ከጥቂት መቶ ፓውንድ የማይበልጥ ዕቃ ስለነበር ማንም ወጣት በመጋዝና በብየዳ የፈለገውን ቢያደርገው ሃይ ባይ አልነበረውም። በ2010ዎቹ «ካፌ ሬሰር» የሚባለው አጭር መቀመጫና ዝቅ ያለ መሪ ያለው ቅርጽ እንደገና ፋሽን ሲሆን መቆራረጡ ባሰበት። ፋሽኑ ሲበርድ የተቆረጠው ብረት ግን ተቆርጦ ቀረ።

ሦስት ዓይነት ዕቃ፣ ሦስት ዓይነት ዋጋ

ገዢው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች መኖራቸውን ነው።

አንደኛው ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየው ነው። ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ መቀመጫው ቢሰነጠቅ እንኳ ያልተነካ በመሆኑ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። በየዓመቱ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሁለተኛው ስመ ጥር እጅ የነካው ነው። ለምሳሌ እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ዶንና ዴሬክ ሪክማን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሲቢ750 ሞተር የሚሆን የራሳቸውን ሻንሲ ከነልባሱ ይሸጡ ነበር። የቀድሞው ተወዳዳሪ ኮሊን ሲሊም እንዲሁ ሠርቷል። ስዊዘርላንዳዊው ፍሪትስ ኤግሊ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቪንሰንት ሞተር የሠራው ሻንሲ ደግሞ ዛሬ በራሱ ስም የሚፈለግ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ለውጡ ዋጋ አልቀነሰም፤ የሠሪው ስም ማስረጃ ሆኖ አገልግሏልና። ሆኖም ስሙ ዋጋ የሚያወጣው የሠሪው ሥራ መሆኑ በወረቀትና በሻንሲ ቁጥር ሲረጋገጥ ብቻ ነው። «ሪክማን ነው» ማለትና ሪክማን መሆኑን ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ማንነቱ ያልታወቀ እጅ የነካው ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀው ይኸኛው ሲሆን፣ የብዙ ገዢ ገንዘብ የሚቀልጠውም እዚሁ ላይ ነው። ሻጮች ዕቃው ከሦስተኛው ወገን ሆኖ ሳለ ዋጋውን ከሁለተኛው ወገን ይጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ሦስተኛው ነው።

«ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ»

የሻጩ ዋነኛ መከራከሪያ ደረሰኙ ነው። በኤኮኖሚ ትምህርት ሀሁ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ግን የፈሰሰ ወጪ ለነገ ውሳኔ መሠረት ሊሆን እንደማይገባ ነው። ባለንብረቱ 7,000 ፓውንድ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን የሚገዛው ያንን ወጪ ሳይሆን ከወጪው የተረፈውን ዕቃ ነው። ሻጩ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብሎ ገንዘብ ላይ ገንዘብ ሲጨምር ከኖረ፣ ያንን ሒሳብ የሚያወራርድለት ሌላ ሰው መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ያ ሰው የመሆን ግዴታ ግን በማንም ላይ የለም።

ከዚህም በላይ ለውጥ የገዢዎችን ቁጥር ያሳንሳል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ሲቢ750 የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚፈልጉትም አንድ ዓይነት ነገር ነው። የተነካካውን የሚፈልግ ግን ልክ ያንን ቀለም፣ ያንን መሪ፣ ያንን መቀመጫ የሚወድ ሰው መሆን አለበት። አንዱ ያማረለት ለሌላው አስቀያሚ ነው። ገበያው ጠባብ በሆነ መጠን ለመሸጥ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፣ ዋጋውም በሻጩ ችኮላ ይወሰናል። ዛሬ ገዢ የሆነው ሰው ነገ ሻጭ ሲሆን በዚያው ጠባብ በር እንደሚወጣ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ሻጭ ያውቃል፣ ገዢ ይገምታል

አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ታዋቂ ጥናቱ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ቀላል ነገር አስረድቷል። በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ለመካፈል ካበቁት ሥራዎችም ዋነኛው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩው ዕቃ 10,000 ፓውንድ፣ መጥፎው 4,000 ፓውንድ ያወጣል እንበል። የሁለቱ ቁጥር እኩል ሆኖ ገዢው መለየት ካቃተው አማካዩን 7,000 ያቀርባል። ጥሩ ዕቃ የያዘው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። መጥፎውን የያዘው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ገዢዎች ይህን ሲረዱ ዋጋቸውን ይበልጥ ያወርዳሉ፤ በመጨረሻም ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ብቻ ይሆናል።

በተነካካ ሞተር ብስክሌት ላይ ይህ ችግር እጥፍ ድርብ ነው። ፋብሪካ የሠራውን ሞተር ማንኛውም ብቃት ያለው መካኒክ መጽሐፉን ከፍቶ መለኪያውን ያመሳክራል። ያልታወቀ ሰው የቀያየረውን ሞተር ግን የሚያመሳክርበት መጽሐፍ የለም። የሲቢ750 የፒስተን ስፋት ከፋብሪካ 61 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ቀያሪዎች ሲሊንደሩን አስፍተው 65 ሚሊ ሜትር ፒስተን ያስገቡና 836 ሲሲ ያደርሱታል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ጉልበት ይጨምራል። በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ሙቀት ያበዛል፣ ዘይት ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እርሱ ራሱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት ስለሚሆን አያውቀውም።

ስለዚህ ደረሰኝ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ደረሰኝ የወጪ ማስመለሻ ባይሆንም የሥራ ማስረጃ ነው። ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ልኩ ስንት ነበር የሚለውን የሚናገር ወረቀት የገዢውን ግምት ወደ ዕውቀት ይለውጣል። «ሞተር ተሠርቷል» ብቻ የሚል ወረቀት ግን የተከፈለውን ገንዘብ እንጂ የተሠራውን ሥራ አያሳይም።

የመመለሻው መንገድ

በመዋዕለ ንዋይ ትምህርት ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሊቀለበስ የሚችል ውሳኔ ሊቀለበስ ከማይችለው ይበልጣል፤ ነገ ሐሳብን የመለወጥ መብት በራሱ ዋጋ አለውና። የተነካካ ሞተር ብስክሌት ሲመረመርም ዋናው ጥያቄ «ምን ተለወጠ?» ሳይሆን «የተለወጠው ይመለሳል ወይ?» መሆን አለበት።

በቀላሉ የሚመለሱ አሉ። መሪ፣ መስተዋት፣ መብራት፣ የነዳጅ ጋን ቀለም፣ ጎማ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የኋላ አሞርዛተር በብሎን ተፈተው በብሎን የሚታሰሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ለውጦች እንዲያውም ተገቢ ናቸው። የአሮጌውን የማቀጣጠያ ሥርዓት በኤሌክትሮኒክስ መተካት ወይም ዘመናዊ ጎማ ማድረግ ሞተር ብስክሌቱን የተሻለ እንጂ የባሰ አያደርገውም።

በገንዘብ የሚመለሱ አሉ። ዋነኛው ማርሚታው ነው። ሲቢ750 ሲወጣ አራት ማርሚታ ነበረው። ብዙዎች አራቱን አውልቀው አራቱን ቱቦ ወደ አንድ የሚያጠቃልል ማርሚታ ገጥመውለታል። ይህ የሚቀልና ድምፁም የሚያምር ነው። ይሁንና የፋብሪካው አራት ማርሚታ ዛሬ ሲፈለግ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ ሊሆን ይችላል። የአየር ማጣሪያው ሣጥን ወልቆ በየካርቡራተሩ አፍ ላይ ትንንሽ ማጣሪያ ከተደረገም የነዳጁና የአየሩ ምጣኔ ስለሚዛባ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ያስቸግራል።

የማይመለሱም አሉ። የሻንሲው የኋላ ክፍል ለአጭር መቀመጫ ሲባል ከተቆረጠ፣ የመሪው አንገት ማዕዘን ከተለወጠ፣ የሞተሩ የውጭ አካል ተሰብሮ ከተበየደ ነገሩ ሌላ ነው። በቀደምት ሲቢ750ዎች ላይ የታወቀ አንድ ጉዳት አለ፦ ካቴናው ሲበጠስ ወደ ፊት ተጠቅልሎ የሞተሩን አካል ይበሳል። ስለሆነም ገዢው የፊተኛውን የካቴና ጥርስ ሽፋን አስፈትቶ ከኋላው የብየዳ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ገንዘብ መቁጠር የለበትም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ይህ ሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ የሚችል ነው። ሻንሲውን የበየደው ሰው ማንነት ካልታወቀ ገዢው ዋስትና የሰጠው በራሱ ሕይወት ነው። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ዋጋ መደራደር ሳይሆን ትቶ መሄድ ነው የሚሻለው።

ስለ መመለስ ሲነሳ ሻጮች የሚያዘወትሯት አንዲት አባባል አለች፤ «ኦሪጅናሎቹ ዕቃዎች ቤት አሉ፣ በኋላ እልክልሃለሁ» የምትል። ይህቺ ላም አለኝ በሰማይ ነች። ዕቃዎቹ በካርቶን ተሞልተው ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ካልቀረቡ እንደሌሉ ተቆጥረው ዋጋ ይሰላል።

ወረቀቱስ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሊብሬ የሚባለው ዓይነት ሰነድ በእንግሊዝ ቪ5ሲ ይባላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይዟል። ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ግን ሰነዱ የተመዘገበውን ያዥ የሚያሳይ እንጂ የባለቤትነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የሽያጭ ደረሰኝና የቀድሞ ባለቤቶች ሰንሰለት ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ስለ ቁጥሩም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ ነው» ብሎ የሚኩራራ የሲቢ750 ሻጭ ቢያጋጥም መጠርጠር እንጂ መደሰት አይገባም። ሆንዳ ለሁለቱ የተለያየ ቁጥር ነበር የሚሰጠው። ሊታይ የሚገባው ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ መውደቃቸው፣ በሰነዱ ላይ ካለው ጋር መግጠማቸውና ያልተፋቁ መሆናቸው ነው።

ለውጥ በሕግ በኩልም መዘዝ አለው። በእንግሊዝ ከ2018 አንስቶ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ተሽከርካሪ ከዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ነፃ የሚሆነው፣ ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት ነው። ማንነቱ ሊረጋገጥ ያልቻለ ተሽከርካሪ ደግሞ በ«ኪው» የሚጀምር ሰሌዳ ይሰጠዋል። ይህ ሰሌዳ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋ የሚቀንስ ምልክት ነው። የመድን ድርጅቶችም እያንዳንዱ ለውጥ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ያልተነገረ ለውጥ አደጋ በደረሰ ዕለት ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል። ለአሮጌ ዕቃ የሚበጀው ዋጋው በስምምነት አስቀድሞ የተጻፈበት ውል ነው፤ መድን ሰጪው በስንት ለመዋዋል ፈቃደኛ እንደሆነ መጠየቅም ገዢውን ከሻጩ ወሬ የተለየ ሁለተኛ ግምት ያስገኝለታል።

ሒሳቡ

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ ማንኛውም ገዢ የየራሱን መተካት ይችላል።

ተመሳሳይ ዘመንና ይዞታ ያለው ያልተነካ ሲቢ750 በገበያው 10,000 ፓውንድ ያወጣል እንበል። ለሽያጭ የቀረበው የተነካካው ሲሆን ሻጩ በ5,000 ገዝቶ 7,000 ስላወጣበት 12,000 ይጠይቃል።

ገዢው ግን ከ10,000 ተነስቶ ወደ ታች ይቆጥራል። የጎደሉትን ኦሪጅናል ዕቃዎች ለመግዛት 2,500፣ ለመካኒክ 1,000 ይቀንሳል። ሞተሩ ውስጡ ስላልታወቀ 3,000 ፓውንድ የሚፈጅ ጥገና የመጠየቅ ዕድሉ ከመቶ 30 ነው ብሎ ቢገምት ሌላ 900 ይቀንሳል። ተመልሶ የተሠራ ዕቃ ጨርሶ ካልተነካው ጋር እኩል ስለማይታይ አሁንም 1,000 ይቀንሳል። የቀረው 4,600 ፓውንድ ነው። ሻጩ ከጠየቀው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህ ሒሳብ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ሻጩ ኦሪጅናል ዕቃዎቹን በካርቶን ይዞ ከቀረበ 2,500 ተመልሶ ይጨመርና ዋጋው 7,100 ይደርሳል። የሞተሩን ልክ የሚያሳይ አስተማማኝ ሰነድ ካለው 900ው ይጨመርለትና 8,000 ይሆናል። ያ ተራ የሚመስል ካርቶንና ያቺ አንዲት ወረቀት በድምሩ 3,400 ፓውንድ ያወጣሉ ማለት ነው። አዲሱ ቀለምና የሚያብረቀርቀው ማርሚታ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ፓውንድ አልጨመሩም። ሻንሲው የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ከነጭራሹ ይቀየራል፤ ዕቃው እንደ ሞተር ብስክሌት ሳይሆን እንደ መለዋወጫ ክምር ይገመታል።

የተቃራኒ ወገን ክርክር

ይህን ሐሳብ የማይቀበሉ ሰዎች የሚያነሱት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። «ዛሬ የተከበሩት ሞተር ብስክሌቶች ራሳቸው የመነካካት ውጤት አይደሉም ወይ?» ይላሉ። ለዚህም ትራይተንን ይጠቅሳሉ። ትራይተን የትራየምፍ ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ተሰክቶ የተሠራ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ፈጠራ ነው። በዚያ ዘመን የትንንሽ መኪና ተወዳዳሪዎች የኖርተን ማንክስን ሞተር ይፈልጉ ነበር። ፋብሪካው ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥ ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ገዝተው ሞተሩን ያወጡና ሻንሲውን ይተዉታል። የተተወውን ሻንሲ ሌሎች በርካሽ እየገዙ የትራየምፍ ሞተር ሰኩበት። በለንደኑ ኤስ ካፌ ደጃፍ ይሰበሰቡ ከነበሩት ወጣቶች ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ይህ ድቅል ዛሬ በራሱ ክብር ያለው ዕቃ ነው።

ክርክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ከአንድ ዘመን ፈጠራዎች ስም የተረፈው ለጥቂቶቹ ነው። ያልተሳካላቸው እየተፈቱ መለዋወጫ ሆነዋል፤ ስለ እነርሱም ማንም አያወራም። ከተረፉት ትራይተኖች መካከልም ቢሆን ማን እንደሠራው የሚታወቀውና የማይታወቀው በአንድ ዋጋ አይሸጡም። ስለዚህ ትራይተን የሚያረጋግጠው መነካካት ዋጋ እንደሚጨምር ሳይሆን፣ እዚያም ቢሆን ገበያው የሚከፍለው ለማስረጃ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ተገቢ ነው። «ሁሉም ገዢ ነጋዴ አይደለም፤ የሚነዳውና የሚደሰትበትም አለ» የሚለው። በእርግጥም ሻንሲው ጤነኛ የሆነ የተነካካ ሲቢ750 የዚህን ታሪካዊ ሞተር ጣዕም በአነስተኛ ዋጋ ለማግኘት ጥሩ መንገድ ነው። ያልተነካውን የገዛ ሰው ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ልቡ ይሰጋል። የተነካካውን የገዛ ግን ሳይሳቀቅ ይነዳዋል። እንዲህ ላለው ገዢ ከላይ ከተሰላው 4,600 በላይ ቢከፍል ስህተት አይባልም። ይሁንና ከዚያ በላይ የከፈለው ገንዘብ የደስታ ወጪ ነው። ለሰርግ ወይም ለሽርሽር እንደሚወጣው ሁሉ ተገቢ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ በሀብት መዝገብ ላይ ግን ሊሰፍር አይገባውም። የብዙ ገዢዎች ስህተት የደስታ ወጪ ማውጣታቸው ሳይሆን፣ ያወጡትን መዋዕለ ንዋይ ብለው መጥራታቸው ነው።

ውሳኔው

እንግዲህ ገዢው ወደ ሻጩ ዘንድ ሲሄድ ጥቂት ነገሮች ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ቀጠሮ ሲይዝ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ለሻጩ ይንገረው። ሲደርስም ሞተሩን በእጁ ዳስሶ ከሞቀ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ በብርድ አልነሳ የሚለው በሙቀቱ ይሸሸጋልና። የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ ያስለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ውስጡ ነገር አለ። ሻንሲውን ከመሪው አንገት እስከ ኋላው ጫፍ በባትሪ ብርሃን ይመርምር። ቁጥሮቹን ከሰነዱ ጋር ያመሳክር። ካርቶኑን ከፍቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ይቁጠር። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሠርቶ የደረሰበትን ዋጋ ይናገር።

ሻንሲው ያልተቆረጠ፣ ቁጥሩ ያልተነካ፣ የመመለሻ ዕቃዎቹም የቀረቡ ከሆነ በተሰላው ዋጋ መግዛት ብልህነት ነው፤ ሌላው ሰው በጌጡ ተታሎ ሲከፍል ወይም ጌጡን ጠልቶ ሲያልፍ እርሱ የተደበቀውን ኦሪጅናል አገኘ ማለት ነውና። ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ዕቃዎቹ ከሌሉ በዝቅተኛው ዋጋ መሞከር፣ ሻጩ እምቢ ካለም ያለ ቂም መሄድ ነው። ሻንሲው ከተቆረጠና የሠራው ሰው ካልታወቀ ግን የመለዋወጫ ዋጋ ካልሆነ በቀር ሌላ ዋጋ የለውም።

ይህ ሥርዓት ለሞተር ብስክሌት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ሰውነቱ የተቀጠለ የጭነት መኪና፣ ሞተሩ የተለወጠ የወፍጮ መሣሪያ፣ ግድግዳው ፈርሶ ክፍሎቹ የተቀላቀሉበት ቤት የሚገዛ ሁሉ በዚሁ መስፈርት ሊመዝነው ይችላል። ሻጭ ስለ ወጪው ሲያወራ ገዢ ስለ መመለሻው ይጠይቅ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዚህ ገበያ ውስጥ ያለማስረጃ የተቻኮለ ገዢ ያፈሰሰውን ገንዘብ ሲለቅም ዓመታት ይፈጅበታል። ያልተቆረጠ ሻንሲና የተሟላ ወረቀት ያለው ደግሞ ዛሬ ባይሆን በሌላ ቀን ለገበያ መቅረቡ አይቀርም፤ ገንዘቡን ይዞ የሚጠብቅ ገዢ የሚያጣው ጥቂት ነው።